ሲፍኖስን ማየት የፈለገ በመስከረም ይምጣ

ነሐሴ ላይ መጥቶ "ሲፍኖስን አየሁ" የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ በልቤ "አላየሃትም" እላለሁ። ያየኸው ሰልፉን ነው። ተከራይቶ ያለቀውን ሞተር ሳይክል፣ ጨርቅ ማንጠፊያ የጠፋበትን ባሕር ዳርቻ፣ የደሴቷ ዋና መንደር በሆነችው አፖሎኒያ ውስጥ ስቴኖ በሚሏት ጠባብ መንገድ ላይ እየተገፋፋ የሚያልፈውን ሕዝብ ነው ያየኸው። ደሴቷ ራሷን የምትመስለው ያ ሁሉ ሰው መርከብ ተሳፍሮ ከሄደ በኋላ ነው።

ለማታውቁት፣ ሲፍኖስ በኤጂያን ባሕር ላይ ካሉት የሲክላዴስ ደሴቶች አንዷ ናት። ስፋቷ 74 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚኖርባት ሰው 3,000 አይሞላም። አውሮፕላን ማረፊያ የላትም። ከአቴንስ ወደብ ከፒሬየስ በፈጣን መርከብ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ በዘገምተኛው አምስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። እኔ እዚህ በአንድ ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ነው የምሠራው። አልጋ ማንጠፍ፣ ቁርስ ማቅረብ፣ አንሶላ ማጠብ፣ ወደብ ወርዶ እንግዳ መቀበል፣ ሁሉም የእኔ ነው። ከአዲስ አበባ ስወጣ መጀመሪያ የኖርኩት አቴንስ ነበር፤ ብዙዎቻችን ያለነው እዚያ ነው። አሁን ግን ካማሬስ ወደብ ላይ ከመርከብ ስወርድ ቤቴ የገባሁ ያህል እፎይ ይለኛል።

በመስከረም መጀመሪያ የሚለወጠው ነገር ነፋሱ ነው። ሐምሌና ነሐሴን ሙሉ ሜልተሚ የሚባል የሰሜን ነፋስ ይነፍሳል። ቀን ከሌት ነው። በር ያላትማል፣ የተሰጣ ልብስ ይነጥቃል፣ ጆሮ ውስጥ ገብቶ አልወጣም ይላል። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ትነሳላችሁ፣ ፀጥ። ባሕሩ ይረጋል። ውኃው ግን አልቀዘቀዘም፤ በጋውን ሙሉ ሲሞቅ ስለከረመ በዚህ ወር 24 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከሰኔው ይሻላል። ሥራ ጨርሼ አመሻሽ ላይ ስወርድ ዳርቻው ላይ የማገኘው የሰፈር ሰው ነው። በጋውን ሙሉ ሲሠሩ የከረሙ አስተናጋጆች፣ ሱቅ የሚጠብቁ እናቶች፣ ባሕር ሲያዩ ከርመው ባሕር ያልገቡ ሰዎች። ትከሻቸው ላይ ፎጣ ጣል አድርገው ውኃ ውስጥ እስከ ወገባቸው ቆመው "መልካም ክረምት" ይባባላሉ። ግሪኮች ከነሐሴ መጨረሻ ጀምረው ነው ይህን የሚሉት፣ ላብ በጀርባቸው እየወረደም ቢሆን።

እና እዚህ ላይ ነው ለሐበሻ ነገሩ የሚገለበጠው።

እናቴ በስልክ ሁልጊዜ የምትጠይቀኝ ጥያቄ አለ። "ክረምቱ ወጣላችሁ?" ትለኛለች። እኛ ዘንድ መስከረም ሲጠባ ዝናቡ ያበቃል፣ ጭቃው ይደርቃል፣ ሜዳው አረንጓዴ ነው፣ አደይ ይፈነዳል። እዚህ በተቃራኒው ነው። በመስከረም ሲፍኖስ ደርቃ ያለቀች ናት። ከግንቦት ወዲህ ጠብ ያለ ነገር የለም። ኮረብታው ሁሉ ቡናማ ነው፣ እሾሁ ሲረገጥ ይሰባበራል፣ ፍየሎቹ የሚግጡት ምን እንደሆነ እግዜር ይወቅ። ክረምት ገና ሊገባ ነው፤ ሰው ሁሉ ዝናብ ይጠብቃል። አረንጓዴው የሚመጣው ከዚያ በኋላ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ስለዚህ ለእናቴ "ገና ሊገባልን ነው" እላታለሁ፤ እሷም ከልቧ ታዝንልኛለች። አይዞሽ ትለኛለች። እኔ ደግሞ የደስታ ዜና መሆኑን ላስረዳት እሞክራለሁ።

አበባ ግን እዚህም አለ። ስኪሎክሬሚዳ ይሉታል። ከመሬት በታች የሰው ጭንቅላት የሚያክል የሽንኩርት ዓይነት ሥር አለው። ቅጠሉ በበጋ ደርቆ ይጠፋል። ከዚያ በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም፣ አንድም ጠብታ ሳይዘንብ፣ ከዚያ ከደረቀ መሬት ውስጥ ቀጥ ያለ ረጅም ዘንግ ይወጣል፣ ከላይ እስከ ታች በነጭ አበባ የተሸፈነ። ቅጠል የለ፣ ውኃ የለ፣ ብቻውን። ግሪኮች ሥሩን ነቅለው በጃንዋሪ 1፣ በዘመን መለወጫቸው፣ ለመልካም ዕድል በር ላይ ይሰቅሉታል። መሬት ሳይነካ ተንጠልጥሎ እንኳ ማቆጥቆጡን አያቆምምና ነው። እኔ መንገድ ዳር ባየሁት ቁጥር እቆማለሁ። አደዬ እሱ ነው።

እንቁጣጣሽ ብዙውን ጊዜ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል። የግሪክ ትምህርት ቤቶች የሚከፈቱትም ብዙውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው! ይህን ሳውቅ የተሰማኝን ደስታ ልነግራችሁ አልችልም። የዘመን መለወጫዬ ቀን ጠዋት ልጆቹ ታጥበው፣ ተበጥረው፣ አዲስ ቦርሳ ይዘው በእንግዳ ማረፊያችን በር ያልፋሉ። አዲስ ልብስ የለበሰ ልጅ ሳያዩ እንቁጣጣሽን መዋል ለእኔ ከባድ ነበር፤ አቴንስ ውስጥ በሰው ቤት ስሠራ ቀኑ እንደ ማንኛውም ቀን ያልፍ ነበር። እዚህ ግን ሰፈሩ በሙሉ ሳያውቀው አብሮኝ ያከብራል።

የትምህርት ቤቱ አከፋፈት ራሱ ደግሞ ሌላ ነው። ግቢው ውስጥ ጠረጴዛ ይቀርባል፣ ነጭ ጨርቅ ይለብሳል፣ ጎድጓዳ ሳህን ውኃ ይቀመጥበታል። ቄሱ መጥተው ይጸልዩና የበሶብላ እቅፍ ውኃው ውስጥ እየነከሩ ልጆቹን ይረጫሉ። ጠበል ማለት ነው። አንደኛ ክፍል የሚገቡት ትናንሾቹ ከፊት ተሰልፈው ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆማሉ፤ ትልልቆቹ ከኋላ ይሳሳቃሉ። ወላጆች ግድግዳውን ተደግፈው ይቆማሉ፣ ከመካከላቸው ራሳቸው በዚያው ግቢ የተማሩ አሉ። በዚያ ሰዓት የሚሸተው የበሶብላ ሽታ የእናቴን ማዕድ ቤት ነው የሚያስታውሰኝ። ግሪኮች በሶብላን በየደጃፉ በጣሳና በማሰሮ ይተክላሉ፣ የሌለበት ቤት የለም ማለት ይቻላል፣ ነገር ግን የድሮ ሰዎቹ ምግብ ውስጥ አይጨምሩትም። ለቤተ ክርስቲያን ነው፣ ለሽታ ነው። ጎረቤቴ፣ ሰማንያ ያለፋቸው እናት፣ እኔ ለሽሮዬ ስቆርጥ እያዩኝ "ምነው ልጄ፣ እሱ እኮ የቤተ ክርስቲያን ነው" ይሉኝ ነበር። አሁን ራሳቸው አድርቀው ነው የሚሰጡኝ።

ትምህርት ቤት ካልኩ አይቀር የሚያንገበግበኝን ነገር ልናገር።

በየዓመቱ በነሐሴ መጨረሻ መንግሥት ተተኪ መምህራንን ወደ ደሴቶቹ ይመድባል። በጥቂት ቀን ውስጥ ሻንጣቸውን ይዘው ሥራ ላይ መገኘት አለባቸው። ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው፣ ደሴቱን በካርታ ካልሆነ አይተውት አያውቁም። ይመጣሉ፤ ቤት የለም። ቤት ጠፍቶ እንዳይመስላችሁ። ቤት ሞልቷል። ግን እስከ ጥቅምት ድረስ በቀን ሒሳብ ለቱሪስት ተከራይቷል፤ ባለቤቱ ከቱሪስት የሚያገኘውን ያህል መምህሩ ከደመወዙ ሊከፍል አይችልም። አንዳንዱ ባለቤት ደግሞ "እስከ ግንቦት አከራይሻለሁ፣ ከዚያ ትወጫለሽ" ይላል፤ ትምህርት የሚዘጋው ግን በሰኔ ነው። ሐኪምም፣ ነርስም፣ ፖሊስም ተመድቦ ሲመጣ ያው ነው። የሲፍኖስ ብቻ ችግር አይደለም፣ በግሪክ ደሴቶች ሁሉ ያለ ነው፤ በየመስከረሙ ዜናው ይደጋገማል።

ደሴት ያለ መምህር ምን ትሆናለች? ልጅ ያላቸው ቤተሰቦች ወደ አቴንስ ይሄዳሉ፤ በቃ። አንድ ቤተሰብ ሲሄድ ከአንድ ክፍል ሁለት ልጅ ይቀንሳል፣ ክፍሉ ድሮም ትንሽ ነው። ቤት ያለው ሰው ቤቱን ለእንግዳ ማከራየቱን አልቃወምም፤ እኔም የምበላው ከዚያ ነው። ግን በመስከረም ቢያንስ ጥቂት ቤት ለሚቀሩት መተው አለበት። ማዘጋጃ ቤትም ሆነ ቤተ ክርስቲያን ባዶ ቤት ካላቸው ለመምህርና ለሐኪም ያድሱት፣ አንዳንድ ደሴቶች ይህን ጀምረዋል። የእኛ ማረፊያ ባለቤት ዘንድሮ ለአንዲት መምህርት ታችኛውን ክፍል በትንሽ ዋጋ ሰጥተዋታል። ከሰሜን ግሪክ ነው የመጣችው፤ ባሕር ትፈራለች። ማታ ማታ ከእኔ ጋር ሻይ እየጠጣች ደብተር ታርማለች። ስሜቷን በደንብ አውቀዋለሁ፤ ሰው ወደማያውቁበት አገር በሻንጣ መምጣት ምን እንደሆነ ማንም እንዲነግረኝ አያስፈልገኝም።

ወደ ደስ የሚለው ልመለስ። መስቀል።

የግሪክ ቤተ ክርስቲያን የመስቀልን በዓል የምታከብረው በሴፕቴምበር 14 ነው። እኛ መስከረም 17፣ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 27። በዓሉ ግን አንድ ነው፤ ቀኑም በድሮው በዩልዮስ አቆጣጠር አንድ ነው። የግሪክ ቤተ ክርስቲያን በፈረንጆቹ 1924 አቆጣጠሯን ስላስተካከለች ነው የ13 ቀን ልዩነት የመጣው። ለውጡን ያልተቀበሉ፣ የድሮውን የያዙ ግሪኮች አሁንም አሉ፤ እነሱ መስቀልን የሚያከብሩት ልክ ከእኛ ጋር ነው። ንግሥት ዕሌኒ እዚህም ዕሌኒ ናት። እኛ ዘንድ የደመራው ጢስ መስቀሉ ያለበትን ቦታ አሳያት፤ እነሱ ዘንድ መስቀሉ በተቀበረበት ቦታ በሶብላ በቅሎ ሽታው መራት። ለዚህ ነው በመስቀል ቀን ቄሱ መስቀሉን በበሶብላ መካከል አስቀምጠው የሚያወጡት፣ ሰዉም ሲወጣ አንድ አንድ ዘንግ እየተሰጠው ወደ ቤቱ የሚሄደው። ስለዚህ እኔ ሁለት መስቀል አለኝ። በመጀመሪያው በሶብላ ይዤ እመጣለሁ፤ በሁለተኛው ስልክ ከፍቼ የመስቀል አደባባይን ደመራ እያየሁ ቡና አፈላለሁ።

የሲፍኖስ በዓል አከባበር ግን ከሌላው ደሴት ይለያል ይባላል፤ ለእኛ ደግሞ እንግዳ አይደለም። ማኅበር የጠጣ ሰው ወዲያው ነው የሚገባው። እያንዳንዱ ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ አንድ ደጋሽ አለው፤ ፓኒጊራስ ይሉታል። ደጋሹ የቤተ ክርስቲያኑን ሥዕል ዓመቱን ሙሉ ቤቱ ያስቀምጣል። በዋዜማው በክብር አጅበው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይወስዱታል፣ የማታ ጸሎት ይደርሳል፣ ከዚያ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ባለው የግብር ቤት ማዕድ ይቀርባል። ቤቱ ጠባብ ስለሆነ ሰው በየዙር ይገባል። አንዱ ዙር በልቶ ሲነሳ ጠረጴዛው ተጠርጎ ሌላው ይገባል። ማንም አይከፍልም፣ ማንም አይጠየቅም፣ መንገደኛም ቢሆን ይቀመጣል። ቫዮሊንና ላውቶ የሚባል ባለ አውታር መሣሪያ ይዘው የሚጫወቱ አሉ። ሲበላ ለደጋሹ ይመረቃል። ከዚያ ለሚቀጥለው ዓመት ሥዕሉን የሚረከበው ሰው ይታወቃል። ጽዋው ዞረ ማለት አይደል?

መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ በር ላይ ቆሜ ነበር። አንድ የማላውቃቸው አባት እጄን ይዘው አስገብተው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ከየት ነሽ፣ ምን ትሠሪያለሽ፣ ምንም አልጠየቁኝም። ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ፣ ወይን ቀዱልኝ፣ ከዚያ ሽምብራ መጣ።

ስለ ሽምብራው ዝም ብዬ አላልፍም። የመስቀል ቀን በግሪክ ቤተ ክርስቲያን በዓልም ጾምም ነው፤ ሥጋ የለም። ሬቪታዳ የሚሉት የሽምብራ ወጥ ግን የጾም ምግብ ነው፣ የሲፍኖስ ዋና ምግብ ደግሞ እሱ ነው። ሽምብራው ሌሊቱን ሲነከር ያድራል። ቅዳሜ ከሽንኩርትና ከብዙ የወይራ ዘይት ጋር ስኬፓስታርያ በሚባል ባለ ክዳን የሸክላ ድስት ውስጥ ይገባል። ማታ ድስቱ የእንጨት ምድጃ ውስጥ ይደረግና ሌሊቱን ሙሉ በቀስታ ሲበስል ያድራል። እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ሰዉ ድስቱን ያወጣል። ሽምብራው ምላስ ላይ ይሟሟል፤ መረቁ ወፍራም ነው፤ ላዩ ላይ ሎሚ ይጨመቅበታል። ሌላ ቅመም የለውም ማለት ይቻላል። በርበሬ ለለመደ አፍ መጀመሪያ ባዶ ይመስላል፤ ሁለተኛ ጭልፋ ላይ ነው የሚገባው። ጎረቤቴ እንደሚሉት ምስጢሩ ውኃው ነው፤ የዝናብ ውኃ መሆን አለበት። የጉድጓድ ውኃ ማዕድን ስለሚበዛበት ሽምብራው አልለሰልስም ይላል። እውነታቸውን ነው፤ እኔም ሞክሬ አይቼዋለሁ።

ድስቱንም የሚሠሩት እዚሁ ነው። ሲፍኖስ የሸክላ አገር ናት። ጥሩ ጭቃ፣ ፀሐይና ለምድጃ የሚሆን ጭራሮ ስላላት ሸክላ ሠሪዎቿ ከድሮ ጀምሮ በግሪክ የታወቁ ናቸው፤ እስከ ዛሬም በካማሬስ፣ በቫቲና በፕላቲስ ያሎስ የሚሠሩ አሉ። ቤቶቹ ላይ የምታዩት የጭስ መውጫ ሳይቀር ሸክላ ነው። እኛ አገር ሸክላ ሠሪ ስንት ዘመን ሲናቅ እንደኖረ ሳስብ ልቤ ይነካል። እዚህ ሸክላ ሠሪ ሲያልፍ ሰው ቆሞ ሰላም ይለዋል፤ የአያቱን ስም ጠርቶ ስለ ሥራቸው ያወራል። ነሐሴ ላይ ሱቃቸው ስለሚጨናነቅ ሥራውን ማየት አይቻልም። በመስከረም ግን በሩ ክፍት ነው፣ እግራቸው መዘውሩን ሲገፋ ቁጭ ብላችሁ ብታዩ ደስ ይላቸዋል።

ሌላውን ባጭሩ። ወይን ይለቀማል፣ ግን ብዙ አይደለም፤ የቤት ፍጆታ ነው። በለስ ጣሪያ ላይ ይሰጣል። የደሴቷ አይብ ማኑራ ይባላል። ይደርቅና የወይን አምቡላ ውስጥ ተቀብሮ ይከርማል፤ ሲወጣ ጥቁርና ኃይለኛ ነው፣ በትንሽ በትንሹ ነው የሚበላው።

የመስከረም እንግዶች ራሳቸው ሌላ ዓይነት ናቸው። የነሐሴው እንግዳ የሚጠይቀው ዋይፋዩን ነው። የመስከረሙ "መንገዱ ከየት ይጀምራል?" ይላል። ሲፍኖስ ላይ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ የእግር መንገድ ምልክት ተደርጎለታል። በአህያ ይኬድባቸው የነበሩ የድሮ መንገዶች ናቸው፣ ግራና ቀኛቸው በድንጋይ ካብ የታጠሩ። ኮረብታው በሙሉ እርከን ነው። ሲሚንቶም ጭቃም የለበትም፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርድሮ ብቻ የቆመ። ኮንሶን ያየ ሰው የስንት ትውልድ ልፋት እንደሆነ ይገባዋል። ዩኔስኮ ይህን ያለ ማያያዣ ድንጋይ የመካብ ጥበብ በፈረንጆቹ 2018 ግሪክን ጨምሮ ለብዙ አገሮች በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። እኔም የዕረፍት ቀኔ ሲሆን ከአርቴሞናስ ወደ ካስትሮ በእግሬ እወርዳለሁ። ፀሐይዋ አትጠብስም፣ ነፋሱ የለም፣ እስከ ታች ድረስ የሚሰማው የፍየል ቃጭል ነው።

ይህን እርከን ነው አሁን እየናዱ ገንዳ ያለው ቪላ የሚሠሩበት። ዝም ብዬ የማጋንን እንዳይመስላችሁ። ኤውሮፓ ኖስትራ የተባለው የአውሮፓ የቅርስ ጥበቃ ድርጅት በፈረንጆቹ 2024 አደጋ ላይ ናቸው ካላቸው ሰባት ቅርሶች ውስጥ የሲክላዴስን ደሴቶች፣ በተለይም ሲፍኖስን፣ ሴሪፎስንና ፎሌጋንድሮስን አስገብቷል። ውኃ በሌለበት ደሴት፣ ባሕር ከእግር ሥር እያለ፣ ገንዳ! ጎረቤቴ ሳህን ያጠቡበትን ውኃ ለበሶብላው ነው የሚያፈሱት። ከጣሪያቸው የሚወርደውን የዝናብ ውኃ የሚያጠራቅሙበት ስቴርና ቤታቸው ሥር አላቸው፤ የድሮ ቤት ሁሉ አለው። በመስከረም መጨረሻ ዋናው ሥራ ለዚህ መዘጋጀት ነው። ጣሪያው ይጠረጋል፣ አሸንዳው ይጸዳል፣ የተሰነጠቀው በኖራ ይደፈናል። የመጀመሪያው ዝናብ አቧራውን አጥቦ እንዲወርድ ወደ ውጭ ይለቀቃል፤ ከሁለተኛው ጀምሮ ነው የሚጠራቀመው። ጣሪያውን እኔ ነኝ የምጠርግላቸው፣ እሳቸው ከታች ሆነው እያዘዙኝ።

ወሩ እየገፋ ሲሄድ መርከቡ ይቀንሳል። በነሐሴ በቀን ብዙ ጊዜ የሚመጣው እየሳሳ ይሄዳል። ፈጣኖቹ አንድ በአንድ መምጣት ያቆማሉ። የአውቶቡሱ ሰሌዳም ያጥራል። ከዚያ የመጀመሪያው የመጸው ማዕበል ይመጣል። ነፋሱ ቦፎር በሚባለው የነፋስ ኃይል መለኪያ 8 ሲደርስ የመርከብ ጉዞ ክልከላ ይወጣል፤ ፒሬየስ ላይ መርከቡ ታስሮ ይቆማል፣ እኛም እዚህ እንቀራለን። አትክልት አይመጣም፣ ጋዜጣ አይመጣም፣ መድኃኒት አይመጣም። ሲፍኖስ የጤና ጣቢያ እንጂ ሆስፒታል የላትም፤ የባሰበት ሰው በሄሊኮፕተር ነው የሚወሰደው። ያኔ ነው ደሴት ላይ መኖር ምን እንደሆነ የሚታወቀው። ሱቁ ውስጥ የመጨረሻዋ ወተት ሕፃን ላለበት ቤት ትቀመጣለች። ማንም ትእዛዝ አልሰጠም፤ ሱቁ ውስጥ ያለችው ልጅ ማን ቤት ሕፃን እንዳለ ታውቃለች። እኔም የጎረቤቴን የደም ግፊት ኪኒን መስከረም ሳያልቅ ቀድሜ አስገዝቼ አስቀምጣለሁ።

የእኛ ማረፊያ የሚዘጋው በጥቅምት ውስጥ ነው። ፍራሹን አንስተን፣ ብርድ ልብሱን አጥበን፣ መዝጊያውን በገመድ አስረን እንጨርሳለን። ብዙዎቹ ሠራተኞች ወደ አቴንስ ይመለሳሉ። እኔ ዘንድሮ አልሄድም። ጎረቤቴ ብቻቸውን ስለሆኑ ልጆቻቸው ክረምቱን አብሬያቸው እንድሆን ጠይቀውኛል፣ መምህርቷም ታች አለች። በኅዳር የወይራ ለቀማ አለ፤ ሦስት ዛፍ የእኔ ድርሻ እንደሆነ ተነግሮኛል፣ ዘይቱንም አብሬ እካፈላለሁ።

እናንተ ለመምጣት ካሰባችሁ ከሴፕቴምበር 10 እስከ 25 ባለው ጊዜ ኑ። ዘገምተኛውን መርከብ ያዙ፤ ርካሽ ነው፣ ውጭ መቀመጥም ይቻላል። መመለሻችሁን አውሮፕላን ካለባችሁ ቀን ሁለት ቀን ቀደም አድርጉ፣ ነፋስ አይታወቅም። ቅዳሜ ማታ እዚህ መሆናችሁን አረጋግጡ፤ እሑድ ሽምብራ አለ። በርበሬ ይዛችሁ ከመጣችሁ ደግሞ ቡናው በእኔ ነው።